ሃያ የሚይዘው ካዝና

«ካዝናውን ለእሷ ስጧት፤ እሱ እንደሆነ ተበላሽቷል።» ማኑሄ ይህን የሰማችው በአባቷ በአቶ ከበበው አርባ ዕለት፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሳህን ስታጥብ ነው። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ሙሉሰው ነበር፤ አድማጮቹ ደግሞ የሟቹን ንብረት ለማካፈል የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች። ጠመንጃ የወንድ ልጅ ነው ተብሎ ነገሩ ካለቀ በኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ራጉኤል፣ አባቷን ስድስት ዓመት ያስታመመችው እሷ መሆኗ ትዝ አላቸውና ባዶ እጇን መቅረቷ ደስ አላላቸውም። ስለዚህ ጠመንጃው ከነጥይቱ ለሙሉሰው፣ ከጠመንጃው ሆድ ሥር የሚሰካውና ጥይቱ የሚደረደርበት የብረት ካዝና ለማኑሄ ሆነ። አቶ ራጉኤል ካዝናውን በሁለት እጃቸው አንሥተው «ለመታሰቢያ ይሁንሽ ልጄ» አሏት። ማኑሄ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለች፤ ምንም አልተናገረችም። ለቀስተኛው ሁሉ እንዴት ያለች ጨዋ ናት አለ። ጨዋነት አልነበረም፤ ንዴት ነበር።

ዓመቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን ሙሉሰው ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጥቶ የማኑሄን በር አንኳኳ። በእጁ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዟል። ከሰማንያው ወዲህ ደጇን ረግጦ አያውቅም፤ ሙሉሰው ደግሞ በባዶ ሜዳ ሙዝ የሚገዛ ሰው አይደለም። ማኑሄ ሙዙን አየችና አንድ ነገር እንደፈለገ ገባት። ቤቷ ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የስፌት ማሽኗ፣ በግድግዳው በኩል አባቷ የሞቱበት አልጋ አለ። አልጋው ላይ ጥለት ያለው ጨርቅ አልብሳ ሶፋ አድርጋዋለች። ሙሉሰው እዚያ ላይ ሊቀመጥ አለና ትዝ ሲለው ተመልሶ የማሽኗ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በርጩማው ለእሷ ቁመት የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ምንም አልቀረውም።

ከብስራተ ገብርኤል እስከዚህ ስላለው መንገድ አወራ። የሙዝ ዋጋ ኪሎው መቶ ሃያ ብር መግባቱን፣ እግረ መንገዱንም ይህን የገዛው ከደህናው ሱቅ መሆኑን ነገራት። ሊፍት የሌለው ፎቅ ለጤና ጥሩ ነው አለ። ሻይ አፈላችለት፤ ሻይዋን አደነቀ። እሷ እየሰማች የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ቁልፍ ትተክላለች፤ የምትሠራው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ ልብስ ስፌት ቤት ነው፣ የተረፈውን ሥራ ቤቷ ይዛ ትመጣለች። በመጨረሻ ወሬው አለቀበት። የጎረቤቷ የቀመሪያ ሬዲዮ በግድግዳው አልፎ ይሰማል። እንደዚህ ያለ ዝምታ የሚያውቁት ወንድምና እህት ብቻ ናቸው፤ ባዕድ ሰው ቢሆን ተሰናብቶ ይሄዳል።

«ማኑዬ፣» አለ ሙሉሰው፤ ማኑዬ ካላት ቆይቷል፤ «ያ የአባባ ካዝና አለ አይደል?»

ጉዳዩን እየተቅበጠበጠ አስረዳት። በሟች ስም የቀረ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ወደ ወራሽ እንዲዛወር ፖሊስ ጣቢያው ማስታወቂያ ለጥፏል፤ ቀነ ገደቡ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከዛሬ ያለፈ ጠመንጃ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ሙሉሰው ሁሉን ነገር አሟልቶ፣ ትናንት ማታ ፈቃዱን ገልጦ ቢያነብ፣ አባቱ ከጠመንጃው ቁጥር ሥር የካዝናውንም ቁጥር ማስመዝገባቸውን አየ። አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ካዝና፣ ሃያ ጥይት ይላል ወረቀቱ። ጠመንጃና ጥይት አለው፤ ካዝናው ግን እዚህ ጎፋ ነው። እንግዲህ ስጪኝና ልሂድ፣ አንቺንም ከሥራ አላስፈታሽ አለ።

ማኑሄ የአባቷን ጠመንጃ ተመኝታው አታውቅም፤ ምን ታደርገዋለች? ዓመቱን ሙሉ ያንገበገባት ያ ከድንኳኑ ጀርባ የሰማችው ነገር ነው። ስድስት ዓመት አባቷን አገላብጣ፣ ጉርሻ አጉርሳ፣ በመጨረሻ የተሰጣት ወንድሟ አይረባም ብሎ የተወው ዕቃ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ካዝናው አልተበላሸም። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አቶ ከበበው ሃያ ሁለት ዓመት የመጋዘን ጥበቃ ሆነው ሲሠሩ አንድ ቀን ያላረፈዱ፣ ቀይ መብራት በእግራቸው እንኳ የማይጥሱ ሰው ነበሩ። ፈቃዳቸው ላይ ሃያ ጥይት ተብሎ ሲጻፍ፣ ካዝናው ግን ሠላሳ የሚይዝ ነበርና እንቅልፍ አጡ። ሕጉ ሃያ ካለ ቦታውም ሃያ መሆን አለበት ብለው ወይራ ጠርበው የካዝናው ሆድ ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሃያ አንደኛዋ ጥይት ብትለመንም አትገባም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋዜጣ ዘርግተው ካዝናውን ይፈቱታል፤ ጥይቱን የሚገፋውን ሞላ አውጥተው ያሳርፉታል፣ በጥርስ ብሩሽ ያጸዱታል፣ ዘይት ነክተው ይገጥሙታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ይህን ሥራ ማኑሄ ተረከበች፤ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው ያዝዛሉ፣ እሷ በስፌት ማሽኗ ዘይት ትቀባለች። ሙሉሰው አንድ ቀን አባቱ ተኝተው ሳለ ካዝናውን ሊሞላ ሞክሮ ሃያ ላይ ሲቆምበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ። ጠያቂ ሰው አይደለም።

ማኑሄ ቁልፉን ተክላ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ካዝናው ከእጄ አይወጣም፣ የሚሄድ ከሆነ እኔም አብሬው እሄዳለሁ አለችው። ሙሉሰው ሳቀ። እዚያ ወረፋ ነው፣ ጸሐይ ነው፣ ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች አለ። እሷም ሙዙን ከጠረጴዛው አንሥታ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ሙሉሰው መልእክቱ ገባው፤ ሥራ ቦታዋ ደውላ እስክታስፈቅድ በርጩማው ላይ ተኮራምቶ ጠበቃት። ካዝናውን ከቁም ሳጥኑ አወጣች፤ በቀይ ከፋይ ቁራጭ ጠቅልላ፣ ምሳ የምትይዝበት ክዳን ያለው ሳህን ውስጥ ከታ፣ ሳህኑን በቦርሳዋ አድርጋ ቦርሳውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ቀመሪያ በደረጃው ላይ አግኝታቸው ወዴት ነው በጠዋቱ ብትላት፣ ምሳ ይዤ ወንድሜን ልሸኘው ነው አለቻት።

በሙሉሰው ቪትዝ መኪና ውስጥ ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ ሙሉሰው ጠመንጃውን ይዞ እንዲሄድ የተሰጠውን የጣቢያውን ደብዳቤ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል፣ ትራፊክ ቢያስቆመው ደስ የሚለው ይመስላል። መንገዱ ተቆፍሮ አንዱ ጎን ተዘግቷል፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ከማኑሄ ወንበር ሥር አንድ ነገር ቋ ይላል። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ያ ነገር ተንሸራትቶ ተረከዟን መታት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስተካክል መስላ አየችው። አዲስ ካዝና ነው፤ ጥቁር፣ ረዥም፣ ጎበጥ ያለ፣ ከአባቷ የሚረዝም። እንደዚህ ዓይነቱ በፈቃዱ ላይ እንደሌለ ለማወቅ ሳጅን መሆን አያስፈልግም። ቀና አለች። ሙሉሰው ስለ ነዳጅ ወረፋ እያወራ ነበር። ማኑሄ በተረከዟ ገፋ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ነዳጅስ ስንት ገባ ብላ ጠየቀችው።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጠመንጃ ያቀፉ ሽማግሌዎች፣ ባለሱቆች፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት በአግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ጠመንጃ ያልያዘችው ማኑሄ ብቻ ናት፤ እሷ የምሳ ሳህን አቅፋለች። አንዱ አዛውንት ልጄ ምግብ እዚህ አይገባም አሏት። ተራቸው የደረሰው ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። የፈቃድ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት የብረት ቁም ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ ከአምናው የቀረ ካላንደር። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ሳጅን ፌኔት የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀች ሴት ናት። ሰነዱን አንድ በአንድ አየችው። የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ላይ የሁለቱም ስም አለ፤ ሙሉሰው ከበበው፣ ማኑሄ ከበበው። ማመልከቻው ላይ ያለው የሙሉሰው ብቻ ነው።

ሙሉሰው ጋቢውን ፈታ። ጠመንጃው ከአርባው ዕለት ወዲህ ጨርቅ ነክቶት አያውቅም፤ ብረቱ ዝጎ እንጨቱ አቧራ ለብሷል፣ ከመያዣው ቀለበት ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። ፌኔት ድሩን በእስክሪብቶ ጫፍ አነሣችው፤ ጥቂት አየችውና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ማኑሄ ሳህኗን ከፍታ ቀዩን ጨርቅ ፈታችና ካዝናውን አስቀመጠች። ከመስኮቱ የገባው ጸሐይ አረፈበት፤ ያበራል። ፌኔት መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። ልክ ነው። ቀጥላ እንዲያው ለሥርዓቱ ያህል ስንት ይይዛል ብላ ጠየቀች።

ያኔ ሙሉሰው ለምን አፉን እንደከፈተ እግዜር ይወቅ። አንድም በሁለት ሴቶች መካከል ወንድ እሱ ብቻ ስለነበረ ዐዋቂ መሆን አምሮት ይሆናል፤ አንድም ካዝናው ከጠመንጃው ይልቅ ማማሩ ከንክኖት ይሆናል።

«ሠላሳ መያዝ ነበረበት ሳጅን፤ ግን ተበላሽቷል። ሃያ ላይ ይቆማል። እኔም ለዚህ ብዬ ነው ሌላ የገዛ...»

ቃሉን ሳይጨርሰው ገባው።

«ሌላ ምን?» አለች ፌኔት።

ሙሉሰው ወደ ማኑሄ ዞረ። በዕድሜው እንደዚያ አድርጎ አይቷት አያውቅም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እውነቱን ለመናገር ማኑሄ ወንድሟን ወዲያው አላዳነችውም። ካላንደሩን አየች፤ የአምናው ጥቅምት ላይ ቆሟል። አባቷ የሞቱት በኅዳር ነው፣ ገጹን የሚገለብጥ ጠፍቶ ካላንደሩ እሳቸው በሕይወት ያሉበት ወር ላይ ነው ያለው። ተበላሽቷል የሚለውን ቃል ደግማ አሰበችው፤ ሁለተኛ ጊዜ መስማቷ ነው፣ ዛሬ ደግሞ በባዕድ ሰው ፊት። አንድ ቃል ብትጨምርበት ሙሉሰው ዛሬ ቤቱ አይገባም። አንድ ቃል ባትናገርም አይገባም። ፍርዱ በእጇ ሆነና ደስ አላት፤ ደስ ማለቷንም ለራሷ አልካደችም። እስከ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ በላብ አጠመቀችው።

«ሊያስረክብ ነው ሳጅን፣» አለች በመጨረሻ፣ ስለ ምሳ የምታወራ ያህል ረጋ ብላ። «መኪናው ውስጥ አለ። እሱው ሄዶ ያምጣው።»

ፌኔት ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። እንደዚያ ነው ወይ አለችው። ሙሉሰው አዎ፣ ለማስረከብ ነው፣ ዋናው የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነው አለ። ከደጅ ካለው ፖሊስ ጋር ወጥቶ ካዝናውን የሙዙ ፌስታል ወንድም በሆነ ጥቁር ፌስታል ይዞት ተመለሰ። ፌኔት ከየት ገዛኸው ብላ የሰጠውን መልስ ጻፈች፤ አስፈረመችው፤ የርክክብ ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠችው። በራስህ እጅ ባታመጣው ዛሬ የምታድረው እዚህ ነበር አለችው። ማኑሄንም አልተወቻትም፤ ካዝና ከጠመንጃው ተለይቶ በሌላ ሰው ቤት ዓመት ሙሉ መቀመጡ ጥፋት ነው፣ ያካፈሏችሁ ሽማግሌዎች ሕግ ቢጠይቁ ምን ነበረበት ብላ ሁለቱንም በጽሑፍ አስጠነቀቀች።

ከዚያ አሮጌውን ካዝና አንሥታ፣ ይህ ለምን ሃያ ላይ እንደሚቆም ግን ማወቅ እፈልጋለሁ አለች። ማኑሄ ከቦርሳዋ ውስጥ ጋዜጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ካዝናውን ገለበጠችው፤ ጣቶቿ የስፌት ማሽን ክር ማጠንጠኛ እንደሚያወጡ ሁሉ ሳያዩ ሥራቸውን ሠሩ። ክዳኑ ተንሸራተተ፣ ሞላው ወጣ፣ ከሞላው ኋላ ደግሞ በዘይት ብዛት የጠቆረ፣ በቢላዋ የተጠረበ የወይራ ቁራጭ ወደቀ። ሙሉሰው አንገቱን አስግጎ አየ። እንጨቱ ላይ በጋለ ምስማር የተጻፈ ነገር አለ። ፌኔት ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበችው። «ሕጉ ሃያ ነው። ከበበው» ይላል።

ሳጅን ፌኔት ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ ሳቀች፤ ደጅ ያለው ፖሊስ ምን ሆና ነው ብሎ ብቅ አለ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስሠራ ሰው ከሕግ የሚሸሽበትን መንገድ ሁሉ አይቻለሁ፣ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ለሕግ እንጨት የሚጠርብ ሰው ግን አላጋጠመኝም አለች። እንጨቱን በክብር ለማኑሄ መለሰችላት። ማኑሄ የአባቷን ስም በአውራ ጣቷ ዳበሰች። እንዲህ በማያውቁት ሰው ሲመሰገኑ ቢሰሙ ኖሮ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ናፈቋት፤ እንባዋ መጣ፣ ግን እጇ ዘይት ነበረና መጥረጊያ አጣች።

ፌኔት ማመልከቻውን ወደ ራሷ ሳበች። ጠዋት ሕገ ወጥ ካዝና ባስረከበኝ ሰው ስም ከሰዓት ፈቃድ ብጽፍ አለቃዬ ምን ይለኛል አለችና የሙሉሰውን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ሌላ ወራሽ አለ?»

ዓመቱን ሙሉ፣ ከዚያም በፊት፣ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«እኔ አለሁ፣» አለች ማኑሄ።

ቆልፋ የምታስቀምጥበት የብረት ሳጥን እንዳላት ተጠየቀች፤ የአባቷ አለ። ጠመንጃ ምን ያደርግልዎታል ተብላም ተጠየቀች። ሽማግሌዎቹ ይህን እንኳ አልጠየቋትም። እሁድ እሁድ አጸዳዋለሁ አለች። ፌኔት ቅጹ ላይ ምን ብላ እንደምትጽፈው ጥቂት አሰበችና «ለቤት ጥበቃ» ብላ ጻፈችላት። ሙሉሰው እንደማይቃወም መፈረም ነበረበት። እስክሪብቶው አልጽፍ አለው፤ አራገፈው፣ በወረቀት ጥግ ሞከረው፣ ትንፋሽ ሰጠው፤ በመጨረሻ ፌኔት የራሷን አቀበለችው።

ሲመለሱ ጠመንጃው ማኑሄ ጭን ላይ ነበር። መንገዱ ያው ተቆፍሯል፤ ከወንበሩ ሥር ግን የሚንቋቋ ነገር የለም። ሙሉሰው ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ። ጎፋ ሲደርሱ ጠመንጃውን ልሸከምልሽ አለ፤ ባለፈቃዷ እኔ ነኝ፣ በሕግ አይፈቀድም አለችው። ስለዚህ እሷ በጋቢ የተጠቀለለ ጠመንጃ፣ እሱ ባዶ የምሳ ሳህን ይዘው አራቱን ፎቅ ወጡ። ቀመሪያ በሯ ላይ ቆማ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ የጋቢውን ቁመት ከላይ እስከ ታች አየች፣ ምሳው ረዘመ እንዴ አለች።

ማኑሄ ጠመንጃውን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፋ ስትመለስ ሙሉሰው የአባቱ አልጋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጥለቱን በእጁ ይዳብሳል። በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። ሙዝ አቀረበችለት፤ አንድ ልጦ ሳይበላ ያዘው።

«አባባ ስለ እንጨቱ ለምን አልነገረኝም?»

«እሁድ እሁድ ብትመጣ ይነግርህ ነበር።»

ይህን ስትለው ልትጎዳው አልነበረም፤ ግን ተጎዳ፣ እሷም ለማባበል አልቸኮለችም። ሙሉሰው ወደ መስኮቱ ዞረ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ ያላየች ለመምሰል ተነሥታ ብርጭቆ አጠበች። እሁድ ስንት ሰዓት ነው የምትፈቺው አለ ከኋላዋ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው አለችው። እሺ አለ። የማይመጣበትን ምክንያት አልደረደረም፤ ከሙሉሰው ዘንድ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሊወጣ በሩን ሲከፍት ጠራችው። የምሳ ሳህኑን ስትከፍት ውስጡ የተጣጠፈ ወረቀት አግኝታለች፤ ጣቢያው የቆረጠለት የርክክብ ደረሰኝ ነው፣ ሊገላገለው አስቦ ሳይሆን አይቀርም እዚያ ትቶታል። «አንድ ካዝና፣ አዲስ፣ ሠላሳ የሚይዝ» ይላል፤ ማኅተም አለበት። ማኑሄ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ ወረቀቱን እንደ አቶ ራጉኤል በሁለት እጇ አንሥታ ሰጠችው።

«ለመታሰቢያ ይሁንህ ጋሼ፣» አለችው።

ሙሉሰው በሁለት እጁ ተቀበለው፤ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ደረጃውን ወረደ።